የ99 በመቶ ነገር፤ በካሜራ ስለሚደረገው የብረት ዕቃዎች ምርመራ የቀረበ ሒስ

ከፋብሪካ የሚወጣ ማናቸውም የብረት ዕቃ፥ ዳዶም ይሁን ብሎን፥ ላሜራም ይሁን የሞተር አካል፥ ወደ ገዢው ከመሄዱ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይቀርብበታል፤ ይኸውም «ደኅና ነው ወይስ እንከን አለበት?» የሚል ነው። ለብዙ ዘመን ይህን ጥያቄ ሲመልስ የኖረው የሰው ዐይን ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ካሜራና ኮምፒዩተር ተባብረው ሥራውን ከሰው እየተረከቡ ይገኛሉ። በዚህ ረገድ የሚወጡትን የጥናት ጽሑፎች የሚያነብ ተማሪ ሁሉ እንደሚያስተውለው፥ አብዛኞቹ የሚደመድሙት በአንድ ዐይነት ቍጥር ነው፤ 99 በመቶ፥ 99.6 በመቶ፥ አንዳንድ ጊዜም መቶ በመቶ።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው መሣሪያዎቹን ሳይሆን ይህን ቍጥር ነው። ቍጥሩ ሐሰት ነው አንልም። የምንለው፥ ቍጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ፋብሪካው ከሚጠይቀው ጥያቄ የተለየ ነው፤ ይህም ልዩነት በግልጥ ሳይነገር የሰው ሕይወት በተንጠለጠለበት ሥራ ላይ ልንመካበት አይገባም ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ሰው ዐይን ድካም

ከሁሉ አስቀድሞ ለማሽኑ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ሰው ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር እየጠበቀ ሲመለከት ትጋቱ እንደሚቀንስ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1948 እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኖርማን ማክዎርዝ፥ የሰዓት ዘንግ በሚመስል ጠቋሚ ላይ ሰዎችን አስቀምጦ፥ ዘንጉ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል እንዲያመለክቱ አደረገ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ሳያዩ የሚያሳልፉት ዝላይ በግልጥ በዛ። በ2005 ደግሞ ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ሌላ ድካም አሳዩ። የሚፈለገው ነገር ከሥዕሎቹ በግማሾቹ ውስጥ ሲገኝ፥ ተመልካቾቹ ሳያዩ ያለፉት 7 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ከመቶ ሥዕል በአንዱ ብቻ ሲገኝ ግን 30 በመቶውን አለፉት። ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምስር የሚለቅም ሰው፥ ጠጠር የበዛበትን ምስር ዐይኑን አፍጥጦ ይለቅመዋል፤ ጠጠር እምብዛም የማይገኝበትን ግን እጁ እየሠራ ልቡ ሌላ ያስባል፤ ጥርስ የሚሰብረውም ጠጠር ከዚያኛው ይወጣል።

የዚህ ድካም ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በአሜሪካን አገር የደረሰው አደጋ ያስረዳል። ሐምሌ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ 232ኛ በረራ፥ ዲ.ሲ. 10 የተባለው አውሮፕላን፥ በጅራቱ ያለው ሞተር የቲታኒየም ዲስክ በአየር ላይ ተሰነጣጥቆ የመሪውን የሃይድሮሊክ መሥመሮች ሁሉ ቈራረጠ። አውሮፕላኑ በሱ ሲቲ ከተማ ሲያርፍ ተከሰከሰ፤ ከተሳፈሩት 296 ሰዎች 112 ሞቱ። የነገሩ መነሻ ብረቱ ሲቀልጥ በውስጡ የቀረ እንከን ነበር፤ ከእርሱም ተነሥቶ ስንጥቁ በየበረራው እያደገ ሄደ። ዲስኩ በ1988 በፍሎረሰንት ፈሳሽ ተመርምሮ ነበር። ይህ ዘዴ ፈሳሹ ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ከገባ በኋላ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሲያበራ መርማሪው በዐይኑ የሚያይበት ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደ ደመደመው፥ ስንጥቁ በዚያን ጊዜ ሊታይ ከሚችልበት መጠን ደርሶ ሳለ ሳይታይ አለፈ፤ ቦርዱም ጥፋቱን የጣለው በምርመራው ሥርዓት የሰው ድካም በበቂ ሁኔታ ሳይታሰብ በመቅረቱ ላይ ነው።

እንግዲህ የማይደክም፥ የማይሰለች፥ በሌሊትም በቀንም ባንድ ዐይነት ሚዛን የሚፈርድ መሣሪያ መፈለግ ተገቢ ነው። ክርክራችን መሣሪያው አያስፈልግም የሚል አይደለም። ሰውን ይተካል የተባለው መሣሪያ ሰውን በምንመዝንበት ሚዛን ተመዝኗል ወይ የሚል ነው።

2. ደኅና ስለሌለበት ፈተና

በዚህ መስክ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሙባቸው የሥዕል ስብስቦች አንዱ፥ በቻይና አገር በሼንያንግ ከተማ የሚገኘው የሰሜን ምሥራቅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያዘጋጁትና ከ2013 ወዲህ የታወቀው ነው። በውስጡ በሙቀት በመዳመጫ የተዳመጠ ላሜራ የተነሣባቸው 1,800 ሥዕሎች አሉ። እያንዳንዱ ሥዕል በጐኑ 200፥ በቁመቱም 200 ፒክስል ነው። የእንከኖቹ ዐይነት ስድስት ሲሆን፥ እነርሱም ተዳምጦ የገባ ቅርፊት፥ ልጥፍ የሚመስል ምልክት፥ እንደ መረብ የተሰነጣጠቀ ገጽ፥ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ገጽ፥ በብረቱ ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገርና ጭረት ናቸው። ለእያንዳንዱ ዐይነት 300 ሥዕል ተመድቦለታል።

እኛም ባለፈው መንፈቀ ዓመት በዚሁ ስብስብ አንድ የነርቭ መረብ አስተምረን እንደ ብዙዎቹ ጽሑፎች ወደ 99 በመቶ የተጠጋ ውጤት አገኘን። ደስታችን ታላቅ ነበር። ወርክሾፑን የሚጠብቁት አዛውንት ባለሙያ ሥራችንን አይተው ካመሰገኑን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ይህ መሣሪያችሁ ደኅናውን ምን ብሎ ይጠራዋል?» ሲሉ ጠየቁን። ከመደርደሪያው ንጹሕ ቍራጭ ላሜራ አንሥተው ሰጡን፤ እኛም ፎቶግራፍ አንሥተን ለመሣሪያው አቀረብንለት። መሣሪያው ያለ ምንም ማመንታት «ጭረት» አለ። ላሜራውን አዙረን ብናነሣው ደግሞ «ባዕድ ነገር» አለ። አዛውንቱ ምንም ሳይናገሩ ላሜራውን ወደ ቦታው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ስብስቡን እንደገና ስንመረምር ነገሩ ግልጥ ሆነልን። ከ1,800ው ሥዕሎች መካከል አንድም ደኅና ላሜራ የለም። መሣሪያውን ያስተማርነው እንከንን ከእንከን መለየት ነው እንጂ እንከንን ከደኅና መለየት አይደለም፤ «ደኅና» የሚል መልስ ከመልሶቹ መካከል አልነበረምና። ስለዚህ ያገኘነው 99 በመቶ፥ ፋብሪካው አስቀድሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከቶ አልነካውም።

በዚህ ጥፋቱን በስብስቡ አዘጋጆች ላይ ልናደርግ አንችልም። እነርሱ የእንከንን ዐይነት ለመለየት ብለው አዘጋጁት፤ ዐላማቸውም ጠቃሚ ነው፤ የእንከኑን ዐይነት ያወቀ መሐንዲስ እንከኑ ከየትኛው የመዳመጫ ክፍል እንደ መጣ ሊገምት ይችላልና። ጥፋቱ የእኛና እንደ እኛ ያሉ ጸሐፍት ነው፤ በመግቢያችን ላይ «የብረት ፋብሪካዎችን የምርመራ ችግር ለመፍታት» ብለን ጽፈን በመደምደሚያችን ላይ የሌላ ጥያቄ መልስ አቅርበናልና። ሌላ ስብስብ አልነበረም ብለንም ልናመካኝ አንችልም። በ2019 ሴቨርስታል የተባለው የሩሲያ የብረት ኩባንያ ለውድድር ካቀረባቸው 12,568 የማስተማሪያ ሥዕሎች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል እንከን የሌለበት ላሜራ ነበር።

3. ስለ ጥቂት ናሙናና ስለ ትልቅ ቍጥር

በ2019 ደግሞ ኤም.ቪ.ቴክ የተባለው የሙኒክ ኩባንያ ሌላ ዐይነት ስብስብ አወጣ። በውስጡ 15 ዐይነት ዕቃዎች የተነሡባቸው 5,354 ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ከብረት ወገን ዳዶ፥ ብሎንና የብረት መረብ አሉበት። ይህ ስብስብ ከቀድሞው የተሻለ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ መሣሪያው የሚማረው ከደኅና ዕቃዎች ብቻ ነው፤ በፈተናው ጊዜ ግን ደኅናውና እንከን ያለበት ተደባልቀው ይቀርቡለታል። እንከን መልኩ ብዙ ስለ ሆነና ነገ የሚመጣውን እንከን ዛሬ ማንም ሊያሳየው ስለማይችል፥ ይህ አካሄድ ከፋብሪካው ኑሮ ጋር ይስማማል። በዚህም ስብስብ ላይ በ2022 ፓችኮር የተባለው ዘዴ እስከ 99.6 በመቶ ደረሰ ተብሎ ተጻፈ።

በዚህ ቍጥር ላይ ሁለት ነገር እናነሣለን።

የመጀመሪያው ስለ መለኪያው ነው። ይህ 99.6 ከመቶ ዕቃ ዘጠና ዘጠኙ ላይ በትክክል ተፈረደ ማለት አይደለም። ኤ.ዩ.አር.ኦ.ሲ. የሚባለው መለኪያ የሚነግረን፥ አንድ ደኅና ዕቃና አንድ እንከን ያለበት ዕቃ በዕጣ ቢወሰዱ መሣሪያው ለእንከነኛው የበለጠ የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥበትን ዕድል ነው። ይህ ደረጃ የማውጣት ችሎታን ይለካል፤ ፍርድን ግን አይለካም። በፋብሪካው ውስጥ ግን ዕቃው በመሥመሩ ላይ ብቻውን ይመጣል፤ አጠገቡ የሚነጻጸርበት ጓደኛ የለውም። መሐንዲሱ «ከዚህ ነጥብ በላይ ይጣል፥ በታች ይለፍ» ብሎ የመለያ ወሰን አስቀድሞ መቍረጥ አለበት። ወሰኑ እንዴት እንደሚቈረጥ የማይናገር ጽሑፍ፥ ወይም የፈተናውን መልስ ካየ በኋላ የሚስማማውን ወሰን የሚመርጥ ጽሑፍ፥ የሥራውን ከባዱን ክፍል ሳይነካ አልፎታል።

ሁለተኛው ስለ ናሙናው ብዛት ነው። ለዳዶው የተመደቡት የፈተና ሥዕሎች እንከን ያለባቸው 93፥ ደኅናዎቹ ደግሞ 22 ብቻ ናቸው። እስቲ አንድ መሣሪያ ሃያ ሁለቱንም ደኅና ናቸው ብሎ በትክክል አሳለፋቸው እንበል። ከዚህ ምን እንማራለን? የስታቲስቲክስ ትምህርት እንደሚያስረዳን፥ 95 ከመቶ በሆነ እርግጠኝነት ልንናገር የምንችለው፥ መሣሪያው ደኅናውን በሐሰት የሚከስበት መጠን ከ13 በመቶ አይበልጥም ብለን ብቻ ነው። ከመቶ ዳዶ አሥራ ሁለቱን ያለ ጥፋቱ የሚጥል መሣሪያም ይህን ፈተና ያለ አንዳች ስሕተት ሊያልፍ የሚችልበት ዕድል አለ ማለት ነው።

የአውሮፕላን አካላትን የሚመረምሩ መሐንዲሶች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ሆነው እናገኛቸዋለን። እነርሱ የሚጠይቁት «በጠቅላላው ስንት በመቶ?» ብለው ሳይሆን «በ95 ከመቶ እርግጠኝነት፥ ከመቶ ዘጠናውን ጊዜ ልታገኘው የምትችለው ስንጥቅ መጠኑ ስንት ነው?» ብለው ነው። ይህን ባንድ መጠን ላለ ስንጥቅ ለማስረዳት፥ ቢያንስ 29 የተሰነጠቁ ዕቃዎች ቀርበው አንዱም ሳያመልጥ መገኘት አለበት። 99 በመቶ ለማለት ደግሞ 299 ቀርበው አንድም እንዳያመልጥ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፎቻችን የምናየው 99 በመቶ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ቀልሎ ይገኛል።

4. ስለ ብርሃንና ስለ መጠን

ብረት ከሌሎች ዕቃዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ እንደ መስተዋት ያበራል። በአንድ የተወለወለ ዕቃ ላይ ብርሃን ከጐን ዝቅ ብሎ ሲመታው፥ ለስላሳው ገጽ ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ይጨልማል፤ ጭረቱ ግን ጥቂቱን ወደ ካሜራው ስለሚበትን ያበራል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሲመታው ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ገጹ ያበራል፥ ጭረቱ ይጠቍራል። ጭረቱ በብርሃኑ አቅጣጫ የተሠመረ ከሆነም ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በዚህ ላይ የዘይት ጠብታና የጣት አሻራ እንከን መስለው ይታያሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ መብራቱን የሚተክለው ሰው ድርሻ የነርቭ መረቡን ከሚያስተምረው ሰው ድርሻ አያንስም። ሆኖም ጽሑፎቻችን ስለ መረቡ ንብርብሮች ገጽ ሙሉ ሲተርኩ ስለ መብራቱ አንድ መሥመር እንኳ አይጽፉም።

የሥዕሉም መጠን እንዲሁ ነው። ብዙ ዘዴዎች ሥዕሉን ከመመርመራቸው በፊት ወደ 256 በ256 ፒክስል ያሳንሱታል። ዕቃው 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቢሆን፥ እያንዳንዱ ፒክስል 0.8 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍናል ማለት ነው። ስፋቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥቅ የአንዱ ፒክስል ስምንተኛ እጅ ብቻ ስለሚሆን ከዙሪያው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በስንጥቁ ስፋት ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል እንዲያርፍ ከተፈለገ፥ ለዚያው ዕቃ ወደ 5,000 ፒክስል የሚደርስ ስፋት ያለው ሥዕል ያስፈልጋል። እንግዲህ እንከኑ የጠፋው ገና መሣሪያው ሳያየው፥ በእኛው እጅ ሥዕሉ ሲያንስ ነው። በወረቀት ላይ ግን ይህ አይታይም፤ በስብስቡ ውስጥ የተመረጡት እንከኖች ባነሰውም ሥዕል የሚታዩ ትላልቆች ከሆኑ ቍጥሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል።

ይህ ትችት የእኛ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ስብስቡን ያወጣው ኩባንያ ራሱ በ2025 ሁለተኛ ስብስብ አወጣ፤ ላሜራ የሚገኝባቸው 8 ዐይነት ዕቃዎችና ጥራታቸው ከፍ ያለ ከ8,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ያሉበት ሲሆን፥ ከፈተናዎቹም መካከል መብራቱ ተለውጦ የተነሡ ይገኙበታል። በቀድሞው ስብስብ የተመሰገኑት ዘዴዎች እዚህ ሲፈተኑ፥ እንከኑ ያለበትን ቦታ በትክክል ለይቶ በማመልከት መለኪያ በአማካይ 60 በመቶ እንኳ አልሞሉም። መለኪያው የተለየ ስለ ሆነ ይህንና 99.6ቱን ጐን ለጐን አቁሞ መቀነስ አይገባም። ዳሩ ግን «ችግሩ ተፈትቷል» የሚለው ቃል ከጊዜው ቀድሞ እንደ ተነገረ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

5. ስለ ቀይ ሣጥን

አሁን ደግሞ ለመከራከር ያህል ቍጥሩን ሙሉ በሙሉ እንቀበለው። መሣሪያው በእውነት ከመቶ እንከነኛ ዘጠና ዘጠኙን ይይዛል፤ ከመቶ ደኅናም አንዱን ብቻ በሐሰት ይከስሳል እንበል። ፋብሪካው ጥሩ ፋብሪካ ሆኖ ከሺህ ዕቃ አንዱ ብቻ እንከን ቢኖርበት፥ ከ10,000 ዕቃዎች ውስጥ እንከነኞቹ 10 ናቸው። መሣሪያው አሥሩንም ያዘ እንበል። ነገር ግን ከቀሩት 9,990 ደኅናዎች 100 ያህሉን አብሮ ይይዛል። እንግዲህ የተጣሉት ዕቃዎች በሚጠራቀሙበት ቀይ ሣጥን ውስጥ 110 ዕቃ ይገኛል፤ ከእነዚህም መቶው ጥፋት የሌለባቸው ናቸው።

የፋብሪካው ባለቤት መቶ ደኅና ዕቃ ሊጥል አይወድም፤ ስለዚህ ሣጥኑን እንደገና የሚያይ ሠራተኛ ያቆማል። ይህ ሠራተኛ ካነሣቸው አሥራ አንድ ዕቃዎች አሥሩ ደኅና ሆነው ሲያገኛቸው፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማሽኑን ክስ መናቅ ይለምዳል። ከዚያም «ይህ መሣሪያ ይበዛበታል» ተብሎ ወሰኑ ከፍ እንዲል ይታዘዛል፤ ወሰኑ ከፍ ባለ ቍጥርም እውነተኛው ስንጥቅ ደኅና ተብሎ ያልፋል። ባለፈው ክፍል የተናገርነው የዐይን ድካም በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ከማሽኑ ጀርባ ስለ ሆነ አይታይም። አደጋ ቢደርስ፥ ዕቃው «በማሽን የተመረመረ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይገኛል።

6. እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሐሳብ ስንነግራቸው፥ «ተማሪ ከፋብሪካ አሥር ሺህ ዕቃ ከየት ያመጣል? ባለው ስብስብ መሥራት የግድ ነው» ሲሉ መልሰውልናል። አነጋገራቸው እውነት አለበት። ዳሩ ግን እኛ የምንጠይቀው የሌለንን ናሙና እንድናመጣ ሳይሆን፥ ካለን ናሙና የማይወጣውን መደምደሚያ እንዳንጽፍ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ስለዚህ በዚህ መስክ የሚቀርብ የተማሪ ጽሑፍ ሁሉ ቢያንስ እነዚህን ነገሮች በግልጥ ቢናገር መልካም ነው እንላለን። በፈተናው ውስጥ ስንት ደኅና ዕቃ፥ ስንትስ እንከነኛ እንደ ነበረ በቍጥር ይገለጥ። አንድ ፒክስል ስንት ሚሊሜትር እንደሚሸፍን፥ መሣሪያውም ሊያገኘው የቻለው ትንሹ እንከን ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። የመለያው ወሰን የተቈረጠው ፈተናው ከመታየቱ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ ይነገር። መብራቱ በየት በኩል እንደ ቆመ፥ በሌላ ቀንና በሌላ መብራት ተሞክሮ እንደ ሆነም ይመልከት። በመጨረሻም ያመለጡት እንከኖች ሥዕል ይታተም። የተያዙትን ዘጠና ዘጠኝ ከማየት ያመለጠችውን አንዲት ማየት የበለጠ ያስተምራልና።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ካሜራ የሚያየው ገጽን ብቻ ነው። በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለውን እንከን ለማግኘት አልትራ ሳውንድና ራጅ የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ፤ የሱ ሲቲው ስንጥቅም ወደ ገጹ ከመውጣቱ በፊት መነሻው ብረቱ በቀለጠበት ጊዜ የተፈጠረ ነበር። በዚህ ረገድ ካሜራው ከብዙ መርማሪዎች አንዱ ሆኖ መታየት ይኖርበታል።

እኛም ከዚህ ትችት ራሳችንን አላወጣንም። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ያቀረብነውን ሥራ እንደገና ጽፈን፥ አርእስቱን «የላሜራን እንከን መመርመር» ከሚለው «የታወቁ ስድስት የላሜራ እንከኖችን እርስ በርስ መለየት» ወደሚለው ለውጠነዋል። አርእስቱ ጠበበ፤ ውጤቱ ግን ከአርእስቱ ጋር ተስማማ። ከወርክሾፑ በተለያየ ቀንና መብራት ደኅና ላሜራዎችን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀምረናል፤ አዛውንቱም ባለሙያ ከየመደርደሪያው እየመረጡ ያቀብሉናል። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ መምህራንና ጓደኞች ቢኖሩ፥ ክርክራቸውን በሚቀጥለው እትም ለማንበብ ዝግጁዎች ነን።